ድጎማው ሳያልቅ

ጊስላን፦ ማሞቂያውን ዝጋው አልኩህ እኮ! ፊቴ ተጠበሰ!

ሮዜር፦ ከዘጋሁት እግርህ ይቀዘቅዛል።

ጊስላን፦ መሃል ላይ አድርገዋ!

ሮዜር፦ መሃል የለውም። መሃሉ ባለፈው ክረምት ተሰበረ። አሁን ያለው ወይ ገሃነም ነው ወይ በረዶ የሆነው ሐይቅ።

ጊስላን፦ እንግዲያው መስኮቱን ክፈተው።

ሮዜር፦ መስኮቱ ከተከፈተ አይዘጋም።

ጊስላን፦ በታቦቱ! ይሄ መኪና ነው ወይስ ቅጣት?

ሮዜር፦ እኔም እሱን ነው የምልህ። ለዚህ ነው አዲስ ልንገዛ የምንሄደው።

ጊስላን፦ ልንገዛ አይደለም የምንሄደው! ልናይ ነው። አይተን እንመለሳለን፤ የተስማማነው እንደዚያ ነው።

ሮዜር፦ ማን ተስማማ?

ጊስላን፦ እኔ!

(ሮዜር ራሱን ይነቀንቃል። መስማማቱ ይሁን መኪናው ያነቃነቀው አይታወቅም።)

ጊዜው መጋቢት መጨረሻ ነው፤ በሳን-ዣን ሐይቅ ዳር መንገዱ ግራና ቀኝ በረዶው ገና እንደ ግንብ ቆሟል። ጊስላን ቡሊያን ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሮ ጡረታ ወጥቷል፤ ሁለት ጊዜም የመንደሩ ምክር ቤት አባል ሆኖ ሠርቷል። ከዚያ ወዲህ ሥራው ለሳምንታዊው ጋዜጣ ደብዳቤ መጻፍ ነው። ትናንት እህቱ ዮላንድ ስልክ ደውላ ነበር። «ሮዜር የኤሌክትሪክ መኪና ሊገዛ ነው፤ የመንግሥቱ ድጎማ ነገ ያበቃል እየተባለ ነው። አብረኸው ሂድ፣ ብቻውን አትተወው» አለችው። ጊስላን ነገሩ ወዲያው ነው የገባው። የእህቱ ባል ሮዜር ማልቴ ዕድሜውን ሙሉ እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ የሠራ፣ ክፉ የማያውቅ ሰው ነው፤ መኪና ሻጮቹ እንደ ዶሮ ይገነጣጥሉታል። አንድ የሚያውቅ ሰው አጠገቡ መኖር አለበት። ሐይቁን ዞረው እስኪጨርሱ ድረስ ደግሞ የሚያውቀውን ሁሉ ሊነግረው ቆርጧል።

ጊስላን፦ ስማኝ ሮዜር። ለመሆኑ ድጎማ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ?

ሮዜር፦ መንግሥት ከመኪናው ዋጋ ላይ የሚቀንስልኝ ነው።

ጊስላን፦ ከየት አምጥቶ?

ሮዜር፦ ከቤቱ።

ጊስላን፦ መንግሥት ቤት ውስጥ ገንዘብ የሚያፈራ ዛፍ የለም! ከሰው ወስዶ ነው የሚሰጥህ። ከግብር ከፋዩ! ከእኔ ወስዶ!

ሮዜር፦ የአንተም አለበት?

ጊስላን፦ የእኔም አለበት!

ሮዜር፦ (ከልቡ ተነክቶ) እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጊስላን። ለካ አንተ ነህ። አላወቅኩም ነበር።

ጊስላን፦ አታመስግነኝ! ሳልወድ ነው የተወሰደብኝ!

ሮዜር፦ ቢሆንም።

ጊስላን፦ ምንድነው ቢሆንም? እየው፣ አንድ ዕቃ ጥሩ ከሆነ ራሱን ይሸጣል። ጉቦ አያስፈልገውም። ይሄ ነው ነጻ ገበያ የሚባለው።

ሮዜር፦ ነጻ ነው?

ጊስላን፦ ነጻ ነው።

ሮዜር፦ የት ነው ያለው?

ጊስላን፦ ምኑ?

ሮዜር፦ ገበያው። ነጻ ከሆነማ ድጎማውንም ትቼ እዚያው እንሂድ።

ጊስላን፦ ነጻ ማለት በነጻ ማለት አይደለም! መንግሥት እጁን የማያስገባበት፣ ማንም በማንም ጉዳይ ጣልቃ የማይገባበት ማለት ነው።

ሮዜር፦ አሃ። ሻጭና ገዢ ብቻ።

ጊስላን፦ ሻጭና ገዢ ብቻ!

ሮዜር፦ ታዲያ አንተ ለምን መጣህ?

(ጊስላን ዮላንድ የላከችለትን ቱርቴር የሚባል ስጋ የተሞላ ቂጣ ከወረቀት ውስጥ አውጥቶ ይገምጣል፤ አፉ ሞልቶ ይቀጥላል።)

ጊስላን፦ እኔ… እኔ የቤተሰብ አማካሪ ነኝ። ይልቅ የፋብሪካዎቹን ተንኮል ልንገርህ። ድጎማ አለ ሲባል ይሰማሉ፤ ወዲያው በዚያው ልክ ዋጋ ይጨምራሉ። ገባህ? አንተ የተደጎምክ ይመስልሃል፣ የተደጎሙት እነሱ ናቸው።

ሮዜር፦ እና ድጎማው ዛሬ ሲያበቃ ዋጋውን መልሰው ይቀንሱታል?

ጊስላን፦ ሞኝህን ፈልግ! አንዴ የወጣ ዋጋ መቼ ይወርዳል?

ሮዜር፦ ነገ ድጎማውም የለም፣ ዋጋውም አይወርድም።

ጊስላን፦ በትክክል!

ሮዜር፦ እንግዲያው ትንሽ ልፍጠን።

(ነዳጁን ይረግጣል። መኪናው ይጮሃል እንጂ ፍጥነቱ አይጨምርም።)

ጊስላን፦ ኧረ ተው፣ ወለሉ ሊበሳ ነው!

ሮዜር፦ ተበስቷል። እግርህን ምንጣፉ ላይ ብቻ አድርግ፤ ከምንጣፉ ወዲያ መንገድ ነው።

ጊስላን፦ (እግሩን ሰብስቦ) እሺ፣ ያቺ ጉደኛ መኪና አንዴ ከሞላሃት ስንት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች አሉህ?

ሮዜር፦ አራት መቶ።

ጊስላን፦ የበጋውን ነው የነገሩህ! በእኛ ብርድ ሲሶው ይጠፋል።

ሮዜር፦ የት?

ጊስላን፦ ምን የት?

ሮዜር፦ የት ነው የሚጠፋው? ስንሄድ ነው ስንመለስ?

ጊስላን፦ መንገድ ላይ አይደለም የሚጠፋው፣ ባትሪው ውስጥ ነው!

ሮዜር፦ ባትሪው ውስጥ ከሆነማ አልጠፋም፣ እዚያው አለ።

ጊስላን፦ በጽዋው እምልልሃለሁ፣ አንተን ከማስረዳት ድብ ማስተማር ይቀላል!

ሮዜር፦ እኔ የምፈልገው ሆስፒታል ደርሶ መመለስ ነው ጊስላን። ደርሶ መልሱ መቶ ስድሳ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ይጥፋ፤ እኔ ምን አገባኝ።

ጊስላን፦ እና ማታ ማታ ውጭ ወጥተህ መኪና ሶኬት ላይ ስትሰካ ልትኖር? በዚህ ዕድሜህ?

ሮዜር፦ ይሄንንስ ስሰካው አይደል የኖርኩት? ሞተሩ ደርቆ እንዳይቀር ብዬ ኅዳር ላይ የሰካሁት ማሞቂያ ሚያዝያ ላይ ነው የሚነቀለው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ መኪና ሰክቻለሁ። የዚህኛው ልዩነት ተሰክቶ አድሮም አለመነሳቱ ነው።

ጊስላን፦ የካርቦን አሻራውስ? ባትሪውን ለመሥራት ስንት ተራራ እንደሚቆፈር ታውቃለህ? አሻራህን አስበህበታል?

ሮዜር፦ (ደንገጥ ብሎ) አሻራ ደግሞ ይቀበላሉ እንዴ?

ጊስላን፦ ምን?

ሮዜር፦ (አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ ያሳየዋል) የሁለቱን ጣቶቼን ጫፍ መጋዙ ወስዶታል። በቀሩት ይቀበሉኝ ይሆን?

ጊስላን፦ መሪውን ያዝ! መሪውን ያዝ ሰውዬ!

(መኪናው ያንገራግራል፣ ያስላል፣ እንደገና ትንፋሹ ይመለሳል። መንገዱ ወደ ግራ በሚጠመዘዝበት ቦታ ሮዜር ቀስ ይላል።)

ሮዜር፦ እዚህ ጋ ነው የቆመብን።

ጊስላን፦ ማን?

ሮዜር፦ ይሄው መኪና። የካቲት ላይ። ከኩላሊት እጥበቱ ስንመለስ። ዮላንድ አንተ አሁን የተቀመጥክበት ላይ ነበረች። እኔ አንገቴን ሞተሩ ውስጥ ከትቼ፣ እሷ ሁለት ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ አርባ ደቂቃ። ካጠቧት በኋላ እንደምታውቀው አቅም የላትም። ቀና ብዬ ባየኋት ቁጥር በመስታወቱ ትስቅልኛለች። እንዳልደነግጥ ብላ ነው የምትስቀው። በረዶ ጠራጊው ባያየን ኖሮ እንጃ።

ጊስላን፦ (ቱርቴሩን ወረቀቱ ውስጥ ይመልሰዋል) አልነገራችሁኝም።

ሮዜር፦ ደውዬልህ ነበር። አላነሳህም።

ጊስላን፦ የካቲት ላይ… ስብሰባ ላይ ሆኜ ይሆናል።

ሮዜር፦ ስለ ምን ነበር ስብሰባው?

ጊስላን፦ (ዝቅ ባለ ድምፅ) ስለ ድጎማ።

ጊስላን እህቱ በሳምንት ሦስት ቀን በዚህ መንገድ፣ በዚህ ቆርቆሮ ውስጥ እንደምትመላለስ ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ግን ማወቅና ወንበሩ ላይ መቀመጥ ለየቅል ሆኑበት። ቢሆንም ጊስላን ጊስላን ነው፤ ዝም ማለት ራሱን ያመዋል።

ጊስላን፦ እየው፣ አንተን ጠልቼ አይደለም የምናገረው። ድጎማውን የሚበሉት እንዳንተ ያሉ ሰዎች ቢሆኑ ኖሮ አፌን እዘጋ ነበር።

ሮዜር፦ ትዘጋ ነበር?

ጊስላን፦ ቢያንስ እቀንስ ነበር። ግን የሚወስዱት እነማን ናቸው? ሐይቅ ዳር ሁለተኛ ቤት ያላቸው! ያለ ድጎማም ከነገ ወዲያ የሚገዙት! ባሏ ከሞተባት ሴት ግብር ተወስዶ ለሐኪምና ለጠበቃ መጫወቻ ይገዛለታል!

ሮዜር፦ ይሄን ፊት ለፊታቸው ትነግራቸዋለህ?

ጊስላን፦ ለማንም እነግራለሁ!

ሮዜር፦ ለማታውቀው ሰውም?

ጊስላን፦ ለማላውቀው ሰው ነው ይበልጥ የምነግረው!

ሮዜር፦ ጮክ ብለህ?

ጊስላን፦ ጮክ ብዬ!

ሮዜር፦ ጥሩ።

(መኪናው ከተማው መግቢያ ላይ ካለው ሰፊ የመኪና መሸጫ ደርሶ ይቆማል። ሞተሩ ከጠፋ በኋላም ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ወደ ውስጥ ይገባሉ።)

አዳራሹ ሙቅ ነው፤ ወለሉ ፊት ያሳያል። በሩ አጠገብ ዶናት ተደርድሯል። ከትልልቆቹ መኪናዎች መሃል አንዲት ትንሽ ሰማያዊ የኤሌክትሪክ መኪና ብቻዋን ቆማለች። አንድ ጥሩ ካፖርት የለበሰ ሰው ዙሪያዋን እየዞረ በሯን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ማሪሌን የምትባለው ሻጭ ከመስታወት ቢሮዋ ወጥታ ለሮዜር እጇን ዘረጋችለት።

ማሪሌን፦ ሙሲዬ ማልቴ፣ እንኳን ደህና መጡ። በጊዜ ደረሱ። እስቲ ይግቡ፣ ወረቀቶቹን እንይ።

ጊስላን፦ የምን ወረቀት? ለማየት ነው የመጣነው።

ሮዜር፦ ወረቀቶቹን ልናይ ነዋ። ጊስላን፣ አንተ መኪናዋን እይልኝ። ጎማዋን፣ ምኗን። ደግሞ ያንን ሰውዬ ጠይቀው፤ የጥርስ ሐኪም ነው መሰለኝ።

ጊስላን፦ (ጆሮው ቆሞ) የጥርስ ሐኪም?

ሮዜር፦ ድጎማው ደግ ነገር ነው እያለ ሲናገር የሰማሁ መሰለኝ።

(ጊስላን ኮፍያውን ያወልቃል። ዶናቱን እንኳ ሳያይ ያልፋል።)

ጊስላን፦ ይቅርታ ጌታዬ፣ ሊገዟት ነው?

ሐኪሙ፦ ሳይሆን አይቀርም። ድጎማው ዛሬ ያበቃል ስላሉኝ እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው።

ጊስላን፦ መኪና የለዎትም?

ሐኪሙ፦ ኧረ አለኝ። ሁለት አሉኝ። ይቺ ለሐይቁ ቤታችን ትሆናለች ብዬ ነው።

ጊስላን ለዓመታት ጋዜጣ ላይ ሲጽፍበት የኖረው ሰው፣ አንዳንዶች ከራስህ የፈጠርከው ነው ያሉት ያ ሰው፣ ካፖርት ለብሶ ፊቱ ቆሟል። ዓይኑ እንባ ሊያቀርር ምንም አልቀረው።

ጊስላን፦ ለሐይቁ ቤት! ድጎማው ባይኖርስ ይገዟት ነበር?

ሐኪሙ፦ እንዴታ። ግን ከሰጡኝ ለምን እምቢ እላለሁ?

ጊስላን፦ የሚሰጡዎት የማን ገንዘብ ነው?

ሐኪሙ፦ የሁላችንም። እንደው እንደሚያስቡት አይደለም ጌታዬ። መጀመሪያ አቅም ያለው ይገዛል፤ ሰው ሲገዛ ፋብሪካው ብዙ ይሠራል፤ ብዙ ሲሠራ ዋጋው ይወርዳል፤ ከዚያ ሁሉም ሰው ይደርሰዋል። አየሩም ይጸዳል። ለዚህ ነው የሚደጎመው።

ጊስላን፦ ዋጋው ይወርዳል?

ሐኪሙ፦ በደንብ ነው የሚወርደው።

ጊስላን፦ እርግጠኛ ነዎት?

ሐኪሙ፦ ያለ ጥርጥር።

ጊስላን፦ ታዲያ ዋጋው ሊወርድ ከሆነ ዛሬ ምን አጣደፈዎት?

(ሐኪሙ አፉን ይከፍታል። ሥራው የሌላውን አፍ ማስከፈት ስለሆነ የራሱን እንዴት እንደሚዘጋ ለጊዜው ይጠፋዋል።)

ጊስላን በዚህ መሃል በመስታወቱ አሻግሮ ሲያይ ሮዜር እስክሪብቶ ይዞ ተቀምጧል። ጊስላን ከሩቅ ጣቱን እያወዛወዘ «አትፈርም! አትፈርም!» የሚል ምልክት አሳየው። ሮዜርም ፈገግ ብሎ አውራ ጣቱን ቀና አደረገለት። ጊስላን ተረጋጋ፤ ገብቶታል ማለት ነው። ወደ ሐኪሙ ዞረ።

ሐኪሙ፦ ለማንኛውም ድጎማው ለማበረታቻ ነው…

ጊስላን፦ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ዶክተር። ሕፃን ሲመጣልዎ መጫወቻ ቢጤ ይሰጡታል አይደል?

ሐኪሙ፦ እንሰጣለን።

ጊስላን፦ ለምን?

ሐኪሙ፦ ያው… ስለሚያመው።

ጊስላን፦ ስለሚያመው! ለማያም ነገር መጫወቻ አይሰጥም! አይስክሬም እንዲበላ ጉቦ የተሰጠው ልጅ አይተው ያውቃሉ?

ሐኪሙ፦ እኛ ግን የምንሰጠው ከነቀልን በኋላ ነው።

ጊስላን፦ መንግሥት ደግሞ ሳይነቅል በፊት እየሰጠዎት ነው! ከዚህ በላይ ምን ማስጠንቀቂያ ይፈልጋሉ? ቤትዎ ዳገት ላይ ነው?

ሐኪሙ፦ እንዴት አወቁ?

ጊስላን፦ የሐይቅ ቤት ሁሉ ዳገት ላይ ነው፣ ሐይቁ እንዲታይ! ዳገት፣ በረዶ፣ የባትሪው ሲሶ ጠፍቶ! ባለቤትዎ እላይ፣ መኪናው እታች! በስድስት ወር አዲስ ሞዴል ይመጣል፤ ይቺን ማን ይገዛዎታል? የሰውን ግብር ተሸክመው ቁልቁል ይንሸራተታሉ!

(ድምፁ አዳራሹን ሞልቶታል። ሐኪሙ መኪናዋን ከበፊቱ በተለየ ዓይን ያያታል፤ ሰዓቱን ያያል።)

ሐኪሙ፦ ባለቤቴም ልክ እንደርስዎ ነበር ያለችው።

ጊስላን፦ ብልህ ሴት ናት!

ሐኪሙ፦ (ወደ ቢሮው እየተጣራ) ማሪሌን! ይቺ መኪና ትቅርብኝ።

ማሪሌን፦ (በሩን ከፍታ) እርግጠኛ ነዎት ዶክተር? ከለቀቋት መልሼ ልይዝልዎ አልችልም።

ሐኪሙ፦ እርግጠኛ ነኝ። (የጊስላንን እጅ ይጨብጣል) አመሰግናለሁ ጌታዬ፤ ዓይኔን ነው የገለጡልኝ።

(ይወጣል። ማሪሌን በሩን ትዘጋለች።)

ጊስላን ዓይኔን ገለጥክልኝ ሲባል በዕድሜው የመጀመሪያው ነው። ሁለት ዶናት አነሳ፤ አንዱን በላ፣ ሌላውን እንደ ዋንጫ ይዞ ቆመ። ብዙም ሳይቆይ ሮዜር አንድ ፖስታ በብብቱ ይዞ መጣ።

ጊስላን፦ አየኸው? አየኸው ሮዜር?

ሮዜር፦ በመስታወቱ አየሁት።

ጊስላን፦ ሰማኸኝ?

ሮዜር፦ መስታወቱ ወፍራም ነው። ግን አንተን ሰማሁህ።

ጊስላን፦ ሄደ! ጥሎ ሄደ! ሰው ሲያስረዱት ይገባዋል ማለት ነው! አንተስ አሁን ገባህ?

ሮዜር፦ አሁን ገባኝ።

ጊስላን፦ አላዳንኩህም?

ሮዜር፦ አድነኸኛል ጊስላን። እንዴት አድርጌ ውለታህን እንደምመልስ አላውቅም።

ጊስላን፦ ተወው፣ ቤተሰብ አይደለን? በል እንሂድ።

ሮዜር፦ እንሂድ።

(ሮዜር ወደ ሰማያዊዋ መኪና ሄዶ በሯን ይከፍታል።)

ጊስላን፦ በዚህ ነው እንጂ! የእኛ መኪና ውጭ ነው ያለው።

ሮዜር፦ የእኛ መኪና ይቺ ናት። ውጭ ያለውን ለውዳቂ ብረት ተረክበውታል። ሲጎትቱት መከላከያው ወደቀ።

(ጊስላን ዶናቱን ይጥላል።)

ጊስላን፦ ፈረምክ?

ሮዜር፦ ፈረምኩ።

ጊስላን፦ በድጎማው?

ሮዜር፦ በድጎማው።

ጊስላን፦ መቼ? አትፈርም ብዬህ!

ሮዜር፦ ያኔማ አልፈረምኩም። ቅጹን ነበር የምሞላው። የፈረምኩት ሰውየው ሲወጣ ነው። ከዚያ በፊት አይቻልም ነበር፤ መኪናዋ እስከ ረፋዱ አምስት ሰዓት ድረስ ለእሱ ተይዛ ነበር።

ጊስላን፦ ለማን? ለዚያ… ለጥርስ ሐኪሙ?

ሮዜር፦ ሌላ አንድም የላቸውም። የሚቀጥለው ጭነት የሚመጣው ሰኔ ላይ ነው፤ ድጎማው ደግሞ ዛሬ አለቀ። እሱ ቢወስዳት ለእኔ ቆርቆሮዬ ነበር የምትቀረኝ።

ጊስላን፦ ይሄን አንተ… ታውቅ ነበር?

ሮዜር፦ ትናንት ማሪሌን በስልክ ነገረችኝ። አንድ የጥርስ ሐኪም ቀድሞሃል፣ ለሐይቅ ቤቱ ነው፣ እሱ ካልተዋት ምንም ማድረግ አልችልም አለች። እኔ አዘንኩና ለዮላንድ ነገርኳት። እሷ ትንሽ አሰበችና ስልኩን አንስታ አንተ ጋ ደወለች።

(ጊስላን የመኪናዋን በር ይደገፋል።)

ጊስላን፦ እህቴ!

ሮዜር፦ «ሌላ ነገር አትንገረው፣ ሰውየውን ብቻ አሳየው» አለች።

ጊስላን፦ ተጫወታችሁብኝ! እኔን፣ የድጎማ ጠላት የሆንኩትን ሰው፣ የድጎማ ደላላ አደረጋችሁኝ!

ሮዜር፦ አንተ ያልከው እኮ ነው የሆነው። ድጎማው ሐይቅ ዳር ሁለተኛ ቤት ላለው አይሂድ አልክ፤ አልሄደም።

ጊስላን፦ እኔ ያልኩት ለማንም አይሂድ ነው!

ሮዜር፦ እሱን ቀስ ብለህ ነው የተናገርከው።

ጊስላን፦ በታቦቱ…

ሮዜር፦ ደግሞ እኮ ጎበዝ ነህ። እኔን ዋጋው መቼም አይወርድም ብለህ ዛሬ እንድገዛ አሳመንከኝ። እሱን ዋጋው ሊወርድ ምን አጣደፈዎት ብለህ ዛሬ እንዳይገዛ አሳመንከው። አንድ አፍ ለሁለት ሰው ይበቃል ብዬ አስቤ አላውቅም።

(ጊስላን ይቆጣ ወይስ ይደሰት ቸግሮት መኪናዋ ውስጥ ይገባል። ሮዜር ያስነሳታል። ምንም ድምፅ የለም።)

ጊስላን፦ አልተነሳችም። አላልኩህም?

ሮዜር፦ ተነስታለች።

መኪናዋ ቀስ ብላ በትልቁ በር ወደ ውጭ ወጣች። ጊስላን ወንበሩን ዳሰሰው፤ መስኮቱን ከፈተ፣ ዘጋ። ወለሉ ሙሉ ነው። ዮላንድ እዚህ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ታየችው፤ ብርድ ልብስ ሳትከናነብ፣ ማንንም ላለማስደንገጥ ሳትስቅ። ቁጣውን ፈለገው፤ ከየት ጀምሮ እንደሚቆጣ ጠፋው። ሁለቱ ያታለሉት ሞኝ እሱ መሆኑ ግልጽ ነው። የሚገርመው ግን ይሄ የጠበቀውን ያህል አልከፋውም።

ጊስላን፦ እህቴ ቀጠሮዋ መቼ ነው?

ሮዜር፦ ነገ ጠዋት።

ጊስላን፦ እኔ እወስዳታለሁ።

ሮዜር፦ አንተ? በዚህች?

ጊስላን፦ መንገድ ላይ ቀጥ ብትል አጠገቧ የሚያውቅ ሰው ቢኖር ይሻላል።

ሮዜር፦ ቀጥ ብትል ምን ታደርጋለህ?

ጊስላን፦ ለምን እንደቆመች አስረዳታለሁ።

(ሮዜር ሳቁን ለመዋጥ ሲታገል ማሪሌን ካፖርት ሳትደርብ በበረዶው ላይ እየሮጠች ትመጣለች። መስኮቱን በጊስላን በኩል ታንኳኳለች።)

ማሪሌን፦ ሙሲዬ! ሙሲዬ ጊስላን! ማክሰኞ ዕለት ጊዜ ይኖርዎታል?

ጊስላን፦ ለምን ጉዳይ?

ማሪሌን፦ ከመንገዱ ማዶ ያሉትን መኪና ሻጮች ያዩዋቸዋል? ማክሰኞ ትልቅ የሽያጭ ቀን ጠርተዋል፤ ከተማው ሁሉ እዚያ ነው የሚሄደው። እንደው እዚያ ገብተው ለደንበኞቹ እንደ ዛሬው ትንሽ ቢናገሩልኝ ብዬ ነው። ምሳው በእኛ።

ሮዜር፦ ጊስላን፣ ልጅቷ ምን እያለችህ እንደሆነ ገብቶሃል?

(ጊስላን ቀና ብሎ ይቀመጣል። ኮሌታውን ያስተካክላል።)

ጊስላን፦ ማይክ አላቸው?